በሰላምታ የተወሰደው መንጃ ፈቃድ

ባሕር ዳር
ግንቦት 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለጀሊላ ሙሀመድዘይን
ታሽከንት

አሰላሙ ዓለይኩም የኔ ልጅ። እንዴት ነሽ? ጤናሽ፣ ትምህርትሽ፣ ያ ጉሮሮሽን የሚይዝሽ ብርድ እንዴት ሆነ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከአንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለን የለም። ለዛሬ ሰላምታ ይህ ይበቃሻል። የቀረውን አባትሽ ባለፉት ደብዳቤዎቹ አድርሶልሻል።

አዎ፣ ጽሕፈቱ የእኔ ነው። አትደንግጪ፤ አባትሽ አልታመመም። ይኸው እዚያ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ከአንድ የማላውቀው ሰው ጋር ሲስቅ ይሰማኛል። እስከ ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ እሱ ስለነበረ ዝም አልሁ። የጻፈውን ሁሉ ግን ፖስታ ቤት ከመሄዱ በፊት አየዋለሁ። መጀመሪያ ከእኔ ሰላምታ፣ ከዚያ ከአክስቶችሽ፣ ከጎረቤቱ፣ ከመስጊዱ ሰዎች፣ ከታንኳ ቀዛፊዎቹ፣ ሁሉም በየስማቸው። ወረቀቱ ሲያልቅበት ጠርዙ ላይ «እኛ ደህና ነን» ብሎ ያሽገዋል። ስለዚህ ካለፈው ጥቅምት ወዲህ እዚህ ቤት የሆነውን አንድም ነገር አታውቂም። እኔም የማታውን ትምህርት አራተኛ ክፍል የጨረስሁት ለከንቱ አይደለምና ዛሬ በገዛ እጄ ልንገርሽ።

አባትሽ መንጃ ፈቃዱን ተነጥቋል።

ሰው ገጭቶ እንዳይመስልሽ፣ አላህ ይጠብቀን። ሰክሮም አይደለም፤ እሱንማ ታውቂዋለሽ። ሰው ሰላም ብሎ ነው። እንደ እሱ ሰላም በማለት ፈቃዱን የተነጠቀ ሌላ ሹፌር በዚህ አገር ካለ አሳዪኝ።

ጠባዩን ረስተሽው እንደሆነ ላስታውስሽ። አባትሽ መኪና ላይ ተቀምጦ፣ በእግሩ የሚሄድን ሰው በእጅ ምልክት ብቻ ሰላም ማለት ነውር ነው ብሎ ያምናል። ትልቅ ሰው ካገኘማ የጭነት ፔጆዋን ባለችበት ያቆማል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ይወርዳል፣ ጎንበስ ብሎ ይጨብጣል። ከዚያ ስለ ልጆቹ ይጠይቃል፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፤ ሰውዬው መልሶ እስኪጠይቀውም ይጠብቃል። ድሮ መንገዱ ባዶ በነበረ ጊዜ ይህ ማንንም አልጎዳም። ዛሬ ግን አውቶቡሱ፣ የጭነት መኪናው፣ ብስክሌቱ ሁሉ ከኋላው ተሰልፎ ይጠብቃል።

የመጀመሪያው ጥፋት ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ነው። ሼህ ዓብደላ ዓይናቸውን ታክመው ከአዲስ አበባ ሲመለሱ፣ ዘንባባው ባለበት ትልቁ መንገድ መሀል ላይ አገኛቸው። ቆመ፣ ወረደ። ሼሁ አሁን ደህና እንደሚያዩ ለማረጋገጥ የሩቁን ሁሉ እየጠቆመ ይጠይቃቸው ጀመር። ከኋላው የቆመው ሰው ክላክስ ሲነፋ አባትሽ ዞር ብሎ በትሕትና እጅ ነሣው። በዚህ ተቀጣ።

ሁለተኛው ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ነው። እዚያ ክላክስ መንፋት ክልክል ነው፤ ምልክቱም ተተክሏል። አባትሽ ግን ለሱቃችን ነጭ ሽንኩርት የምታመጣልንን አንዲት የሐሙሲት ሴት ድና ስትወጣ አያት። ደስታው ገነፈለና ከሩቅ ጀምሮ ክላክሱን እየነፋ መጣ። ስትነግረኝ፣ በሽታው ከለቀቀኝ በኋላ ልቤ ሊወድቅ የደረሰው ያን ጊዜ ነው አለችኝ። ሁለተኛ ተቀጣ።

ሦስተኛው የዓባይ ድልድይ ላይ ነው። ድልድዩን ወታደር እንደሚጠብቀው፣ እዚያ መቆም ፈጽሞ እንደማይፈቀድ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ከዘንዘልማ ለቅሶ የሚመለሱ ሰዎች በእግራቸው ሲሻገሩ አገኛቸውና «ለቀስተኛ አልፌ ብሄድ ሰው ነኝ?» ብሎ መሀል ድልድዩ ላይ ወረደ። ከኋላው የመጣው አውቶቡስ ፍሬኑን ሲይዝ ጣሪያው ላይ የነበረ የዶሮ ቅርጫት ወድቆ ተፈታ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ድልድዩ ይናገር። ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን በጀርባቸው አንግተው ዶሮ ሲያባርሩ፣ አንዱ አውራ ዶሮ አጥሩ ላይ ወጥቶ ወደ ውኃው ሲያይ፣ ሀዘንተኞቹ ራሳቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ አሉ። አባትሽ አውራውን ይዞ ለባለቤቱ ካስረከበ በኋላ ነው የተከሰሰው።

ያን ጊዜ ነው የትራፊክ ፖሊሱ፣ አስር አለቃ ቢያዝን፣ ቁርጡን የነገረው። ትዕግሥተኛ ወጣት ነው፤ ከሞጣ ተቀይሮ የመጣ። እያንዳንዱ ጥፋት ለብቻው ቢታይ ትንሽ መሆኑን፣ ጥፋት ሲደጋገም ግን እንደሚደመር፣ ዓመት ሳይሞላ አንድ ሌላ ከተጨመረበት ፈቃዱ እንደሚታገድ አስረድቶ ለቀቀው።

ልጄ፣ ከዚያ በኋላ የነበረውን ክረምት ብታይው። አባትሽ አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ እየነዳ ያልፋል። በግራም በቀኝም ለእሱ ሰው የለም። ከተማው አዘነበት። ሴቶቹ እየመጡ «ሙሀመድዘይንን ምን አስቀየምነው?» ይሉኛል። በመጨረሻ ሼህ ዓብደላ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ የማያውቁት በደል ቢኖር ይቅር እንዲላቸው ሊታረቁ ቤታችን መጡ። አባትሽ እግራቸው ላይ ወድቆ «ሼሃችን፣ እኔን የያዘኝ ደንብ ነው» አላቸው። ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ሻይ ጠጥተው፣ ደንቡን ረግመው ሄዱ።

እንግዲህ አራተኛው። አስር አለቃ ቢያዝንና ሚስቱ ወለላ ከተጋቡ ጀምሮ ለዓመታት ልጅ አጥተው ስለት ሲሳሉ ኖረዋል። ጥቅምት ላይ ወለላ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ወሬውን አባትሽ ከሱቅ ሰማ። ወዲያው ዕቃ ሊያመጣ ሲወጣ ቢያዝንን አደባባዩ ላይ ነጭ እጅጌውን አጥልቆ፣ ተሽከርካሪ ሲያስተናግድ አየው። ያን ሁሉ ወር የታሰረው ሰላምታ እዚያ ተፈታ። ፔጆዋን አደባባዩ መሀል አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ፖሊሱን አቅፎ ጉንጩን አገላብጦ ይስመው ጀመር። አራቱም መንገድ ተዘጋ። ብስክሌተኞቹ ወርደው ከበቡ።

«እንኳን ማርያም ማረችልህ፣ ልጄ» አለው።

ቢያዝን ዕንባው መጣ። አባቱ ቢኖር ኖሮ እንዲህ ያቅፈው ነበር፤ ግን በልጅነቱ ሞቶበታል። መልሶ አቀፈው፣ መልሶ ሳመው። ከዚያ ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድዎን ይስጡኝ። እጄ እምቢ እያለኝ ነው። ግን ይህ ሁሉ ሰው እያየን ለእርስዎ ብተወው ነገ ማንን እቀጣለሁ?» አለው።

አባትሽ ከደረት ኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠው።

«ውሰደው። ስሙን ማን አላችሁት?»

ፈቃዱ ለስድስት ወር ታገደ። ቢያዝን ያን ዕለት አመሻሽ ላይ፣ የአራስ ቤቱን ትቶ ቤታችን መጣ። ከአፌ ሊወጣ የተዘጋጀውን ባልነግርሽ ይሻላል። እሱ ግን ሳይቀመጥ፣ «እትዬ ኡሙሰልማ፣ ያን ጊዜ ድልድዩ ላይ የአውቶቡሱ ፍሬን እምቢ ብሎ ቢሆን ዛሬ ስለ ዶሮ አናወራም ነበር» አለኝ። ነገሩን እንዲያ አስቤው አላውቅም ነበር። ስስቅበት የነበረው ድልድይ በዓይኔ መጣ፤ ለቀስተኞቹ በእግር፣ አባትሽ መሀላቸው። የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ዋጥሁና ተቀመጥ አልሁት።

አባትሽ ለቅጣቱ አላዘነም። ያዘነው ለአንድ ነገር ነው። የዛሬ አራት ዓመት ከአውሮፕላን ማረፊያው ስንሸኝሽ «ስትመለሺ በዚችው ፔጆ ራሴ መጥቼ ነው ቤትሽ የማስገባሽ» ብሎሽ ነበር። አንቺ ረስተሽው ይሆናል። እሱ በየሳምንቱ ያነሣዋል። መኪናዋ ካረጀች ቆይታለች፤ የሚጠግናት፣ የሚያጥባት፣ የሚለምናት ለዚያ ቀን ነው። አሁን ሹፌር የሌላት መኪና ግቢ ውስጥ ቆማ ስትዝግ፣ ዕቃ የምንገዛበት የይፋግ ገበያችንም ሲቋረጥ ምን ይሁን?

አንዳርጋቸው የሚባል ሹፌር ቀጠርን። ከአዘዞ የመጣ፣ ጥንቁቅ፣ ደንብ አክባሪ፣ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው። ነገር ግን የአባትሽን ንግድ ቀጥ አድርጎ የያዘው ሰላምታው ኖሯል። ከሐሙሲት እስከ ይፋግ በየመንገዱ ዳር ነጭ ሽንኩርቱንና ጥቁር አዝሙዱን ይዘው አባትሽን የሚጠብቁት ሴቶች፣ አንዳርጋቸው እንደ ንፋስ ሲያልፋቸው ለሌላ ነጋዴ ሰጡ። ፔጆዋ ባዶዋን ሄዳ ባዶዋን ትመለሳለች። እሱም የመንግሥት እርሻ ሥራ አገኘና በወሩ መጨረሻ እንደሚለቅ ነገረን።

አንድ የደሴ ነጋዴ መኪናዋን ልግዛ ብሎ ጠየቀ። አባትሽ እምቢም እሺም አላለም። በማግስቱ ጠዋት ወደ ግቢው ስወጣ ፔጆዋን እያጠባት ነበር፤ ሊሸጣት የሚያጥብ ሰው አስተጣጠብ አልነበረም። ጀርባውን እያየሁ «እኔ ልንዳት?» አልሁት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

አልሳቀም። ጨርቁን ጨመቀና ዞሮ ትክ ብሎ አየኝ።

«ዓይንሽ ሩቅ ያያል?» አለኝ።

«አንተ ገበያ ማዶ ቆመህ ስታወራ ስንቴ አይቼ ምሳህ ቀዘቀዘ አላልሁህም?»

«እንግዲያማ ታያለሽ» አለና ቁልፉን እጄ ላይ አኖረው።

አንዳርጋቸው ከመሄዱ በፊት ሊያስተምረኝ እሺ አለ። ከሐይቁ ዳር ያለው ሰፊ መስክ ላይ፣ እኔ መሪው ላይ፣ እሱ ከጎኔ፣ አባትሽ ከኋላ ጭነቱ ቦታ ላይ ቆሞ። አንዳርጋቸው ዝም ይላል፤ ግሩም አስተማሪ ነው። አባትሽ ከኋላ «ቀስ፣ ቀስ በይ፣ ፍሪሲዮን» እያለ ጣሪያውን ይደበድባል። በሦስተኛው ቀን ፍሬን ረገጥሁ ብዬ ነዳጅ ረገጥሁና ቀጥ ብለን ጣና ገባን። ውኃው እስከ መብራቷ ደረሰ። የደንገል ታንኳ ይዘው የነበሩት ሰዎች እየተሯሯጡ መጡ። አባትሽ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ መኪናዋ ከመውጣቷ በፊት ሁሉንም በየስማቸው ጠርቶ የቤተሰባቸውን ደህንነት ጠየቀ። አንዳርጋቸው ያን ቀን ነው ሲስቅ ያየሁት፤ ሲጀምር ማቆም አቃተው።

ጥር ላይ ተፈተንሁ። ፈታኙ ሴት ሲያይ ግራ ገባው፤ መኪናዋን ሳልነካ በቃል ሊጥለኝ አሰበ መሰለኝ። መንገድ መሀል ስለ መቆም ጠየቀኝ። ሆስፒታል አጠገብ ስለ ክላክስ ጠየቀኝ። ድልድይ ላይ ስለ መቆም ጠየቀኝ። ልጄ፣ ሦስቱንም ከአባትሽ ተምሬያቸዋለሁ፤ ምክንያታቸውን ጭምር እንደ ውኃ አወረድሁለት። ከዚያ ነዳሁለት። አለፍሁ። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ በስብሰባ ላይ አስነሥታ አስጨበጨበችልኝ። እኔ ሳፍር፣ አባትሽ ከበር ላይ ሆኖ ማጨብጨቡን አላቆም አለ።

ያ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ዝም ብዬ ላልፈው አልፈልግም። ይህን ያህል ዘመን ከአባትሽ ጎን ተቀምጬ መንገዱን አይቼዋለሁ፤ መንገዱ የእኔ ሆኖ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ፔጆዋን የዓባይን ድልድይ ብቻዬን በእጄ ሳሻግራት ከደስታዬ ብዛት እልል አልሁ። ደግነቱ ክላክስ አልነፋሁም።

አሁን ይፋግ የምንሄደው አብረን ነው። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ሰላም ይላል። አንድ ውል ገባን፤ የምቆመው ደንቡ በፈቀደበት፣ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ብቻ ነው። ዘንዘልማ ያለው ሾላ ሥር ሰፊ ቦታ አለ። ወሬው ተዳረሰና በገበያው ቀን ሰዎቹ እዚያ ተሰብስበው ይጠብቁናል። አባትሽ ወርዶ አንድ በአንድ ይጨብጣል፣ በሽማግሌው ይመረቃል፣ የታመመውን ይጠይቃል። ሴቶቹም ነጭ ሽንኩርታቸውን ይዘው እዚያው ይመጣሉ፤ ሰላምታው ሲያልቅ ጭነቱም ሞልቷል። የደሴው ነጋዴ ሁለተኛ አልመጣም። በአደባባዩ ሳልፍ ቢያዝን ሰላምታ ይሰጠኛል፤ አባትሽ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ሁለት እጁን ያወዛውዝለታል። «ስነዳ አንድ እጅ ብቻ ነበር የሚተርፈኝ» ይላል።

ስድስቱ ወር ያለቀው ሚያዝያ ላይ ነው። አባትሽ ፈቃዱን ሊያመጣ በሄደ ማግሥት ጠየቅሁት፤ ጸሐፊው የለም አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ዝናብ ያዘኝ አለ፤ ዝናብ አላየሁም። ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ አለ። በዚያው ጉልበቱ መምህራን ማሠልጠኛው፣ ፔዳ ድረስ በእግሩ ሄዶ የአንድ መምህር ልጅ ሰርግ ላይ ሲጨፍር ዋለ።

ባለፈው እሑድ ቢያዝንና ወለላ ሕፃኑን ይዘው መጡ። ተክለ ጊዮርጊስ ይባላል፤ ወፍራም፣ ሳቂታ። ሻይ እየቀዳሁ ሳለ ቢያዝን «ጋሼ፣ ያ ነገር እኮ መሳቢያዬ ውስጥ አቧራ ጠጣ፤ መቼ ይወስዱታል?» አለው። አባትሽ ቶሎ ብሎ ሕፃኑን ብድግ አደረገና «ይህ ልጅ ጥርስ አብቅሏል እንዴ?» ብሎ ወደ ብርሃኑ ይዞት ወጣ። ወለላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት፤ ሁለታችንም ሻያችንን ጠጣን።

እንግዲህ ረመዳን ሊገባ ነው። ጾሙ አልቆ፣ ዒዱን ውለን፣ ሐምሌ ላይ አንቺ ትመጫለሽ። ትምህርትሽን ጨርሰሽ ስትመጪ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ ይሰጥሽ ይሆናል፤ እሱ የአላህ ነው። ከአውሮፕላኑ ስትወርጂ ፔጆዋን አጥሩ ጋ ታያታለሽ። ሻንጣሽን ከኋላ ጫኚ። አንቺ መሀል ትቀመጫለሽ፤ መስኮቱን ለአባትሽ ልቀቂለት፣ ሰላምታ አለበት። ቃሉን ሳያጎድል በዚችው ፔጆ ቤትሽ ትገቢያለሽ። «ራሴ» ያላትን ብቻ ይቅር በይው።

አላህ በሄድሽበት ይጠብቅሽ። የተማርሽውን ለበረከት ያድርግልሽ። ከፊታችን ባለው መንገድ ሁሉ ክፉውን ገለል አድርጎ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

ናፍቆትሽ የማይለቃት እናትሽ፣
ኡሙሰልማ

ደብዳቤውን ላሽገው ስል አባትሽ ገባ። በትከሻዬ ላይ አየት አደረገና «ስለ ፈቃዱ ነገርሻት?» አለኝ። ገና አልለቀቁልህም ብዬ ጻፍሁላት አልሁት። ወደ ግቢው፣ ወደ ፔጆዋ፣ ቀጥሎም ወደ እኔ አየ። «አዎ፣ ሥራ በዝቶባቸው ነው» አለ። እኔም «ሥራ በዝቶባቸው ነው» አልሁት፤ ነገ የይፋግ ገበያ ነውና ቁልፉን ከወዴት እንዳኖርሁ ጠየቅሁት። እጁ ውስጥ ነበር። ሰጠኝ።